ሁሉም የሚደግፈው የደመወዝ ወለል ለምን አይወሰንም? ከደብረ ብርሃን ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ደብረ ብርሃን በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የምሠራው። መነሻ ደመወዜ 2,500 ብር ነው፤ የምግብ፣ የትራንስፖርትና የአቴንዳንስ ሲደመር 4,300 ይደርሳል። ዝቅተኛ ደመወዝ አይወሰን የሚል ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። አዋጁም ላይ አለ ይባላል፤ መንግሥትም 6,000 ብር ብሎ ወስኗል፣ እኛ ጋ ግን አልደረሰም። አሁን ከባልደረቦቼ ጋር 600 ፊርማ አሰባስበን ለክልሉ ልናስገባ ነው። እናቴ ደግሞ መንዝ ነው ያለችው፣ ሴፍትኔት ውስጥ ነበረች። ዘንድሮ በቀበሌ ስብሰባ ‹ልጇ ፋብሪካ ይሠራል› ተብሎ ስሟ ተሰረዘ። የሕዝብ አስተያየት እሷን ለማስወጣት እንዲህ ከፈጠነ ለእኛ ደመወዝ ለምን አይሠራም? ፊርማውስ ይጠቅመናል?»

ፊርማውን ለክልሉ አያስገቡ። ስድስት መቶው ሰው ከልቡ ቢፈርምም ወረቀቱ የሚያርፈው የብር መጠን የመወሰን ሥልጣን በሌለው ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ማውጣት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተሰጠ ነው። የክልሉ ቢሮ አዋጁን ያስፈጽማል፣ ማህበር ይመዘግባል፣ አስማሚ ይመድባል፤ ዝቅተኛ ደመወዝ ይህን ያህል ይሁን ሊል ግን አይችልም። ማመልከቻችሁ «ለሚመለከተው አካል» ተብሎ ወደ ላይ ይመራል፣ እዚያው ይቀራል። ፊርማው ግን መጣል የለበትም፤ የሚውልበት ሌላ ቦታ አለ፤ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ስለ 6,000 ብሩ። እሱ መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች የሚከፍለው የደመወዝ ስኬል መነሻ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ፤ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር። የዲግሪ መነሻውም ከ9,000 ወደ 11,500 ሄዷል። ይህ በጀት የያዘ አሠሪ ለራሱ ሠራተኛ ያደረገው ጭማሪ ነው፤ ለግል ፋብሪካ፣ ለሆቴል ወይም ለእርሻ ግዴታ አይጥልም። ዜናው «ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር ሆነ» ብሎ ሲነገር ግማሹ ሰው ሁሉንም ሠራተኛ የሚመለከት ሕግ የወጣ መሰለው። ስህተቱ ጉዳት አለው፦ መብቱ ተሰጥቶ አሠሪው የደበቀው የመሰለው ሠራተኛ ቅሬታውን ይዞ ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ ባዶ እጁንም ይመለሳል።

«አዋጁ ላይ አለ» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚለው የመንግሥት፣ የአሠሪና የሠራተኛ ወገኖች የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ ይኖራል፣ ቦርዱ የአገሪቱን የኢኮኖሚ ዕድገትና የሥራ ገበያውን ሁኔታ እያስጠና ዝቅተኛ ደመወዝን በየጊዜው ይከልሳል፣ ሥልጣንና ኃላፊነቱም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ነው። ልብ ይበሉ፦ አዋጁ ቁጥር አልጻፈም፤ ቁጥር የሚያወጣውንም አካል በቀጥታ አላቋቋመም፤ ሌላ ደንብ ይውጣ ብሎ አስተላለፈው። ስለዚህ ዳኛ ፊት ቀርቦ «የሚገባኝ ይህን ያህል ነበር» የሚባልበት አንቀጽ የለም። የሕዝብ አስተያየት እስከ አዋጁ ድረስ ሠርቷል ማለት ይቻላል፤ ቦርዱ በሕግ ውስጥ መጠቀሱ በራሱ ሠራተኛ ማህበራት ለዓመታት የገፉበት ውጤት ነው። የቆመው ከአዋጅ ወደ ደንብ በሚያሻግረው ደረጃ ላይ ነው።

እዚያ የቆመበት ምክንያት ሕዝቡ ስላልፈለገ አይደለም፤ «መፈለግ» የሚባለው ነገር ሲጠየቅ ዋጋ ስለማይነገርበት ነው። «ሠራተኛ የሚያኖር ደመወዝ ያግኝ?» ቢባል አይሆንም የሚል የለም። «ከወለሉ በታች የሚከፍል ፋብሪካ መቶ ሰው ቢቀንስ ይቀበላሉ?» ሲባል አንድ የነበረው ሕዝብ ይከፈላል። ስዊዘርላንዶች እ.ኤ.አ. በ2014 በመላ አገሪቱ በሰዓት 22 ፍራንክ ዝቅተኛ ደመወዝ ይወሰን ተብለው በሕዝበ ውሳኔ ሲጠየቁ 76 በመቶው አይሆንም አለ። ከስድስት ዓመት በኋላ የጄኔቫ ክፍለ ግዛት ለብቻው ስለ 23 ፍራንክ ሲጠየቅ 58 በመቶው እሺ አለ። ጄኔቫ ኑሮው ውድ ነው፣ ከፋዩም ተቀባዩም እዚያው ነው። በገጠሩ ክፍለ ግዛት ያለው ገበሬና ባለ ትንሽ ሱቅ ግን ያንኑ ቁጥር ዕዳ አድርጎ ነው ያየው። በዚያው በ2020 የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ 60.8 በመቶ ድምፅ ሰጥታ ደመወዙ በደረጃ እያደገ በ2026 በሰዓት 15 ዶላር እንዲደርስ ወሰነች፤ በዚያው ዕለት ለፕሬዚዳንትነት የመረጠችው ደግሞ የደመወዝ ወለል የማይጥመውን ፓርቲ ነበር። ሰው በደመወዝ ላይ ያለው አቋም ከፓርቲው ጋር ተጣብቆ አይሄድም፤ በቀጥታ የተጠየቀበት ቦታ ላይ ይሠራል፣ ባልተጠየቀበት ግን ተበትኖ ይቀራል።

ይህን ደብረ ብርሃንም መንዝም ወዳሉበት ወደ ሰሜን ሸዋ ዞን አምጡት። ዞኑ አንድ አስተያየት የለውም። ደብረ ብርሃን የፋብሪካ ከተማ ሆናለች፤ ኢንዱስትሪ ፓርኳ በ2011 ተመርቋል፣ ብርድ ልብሱ፣ ቢራውና ውሃው በየፈረቃው ሠራተኛ ያስገባል። ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢትና ቀወት ሲወርዱ ግን ሽንኩርትና ማሾ የሚያመርተው ገበሬ ራሱ አሠሪ ነው። በአረምና በአጨዳ ሰሞን የቀን ሠራተኛ ይቀጥራል፣ የቀኑን ሂሳብም ማለዳ በድርድር ይቆርጣል። ለእሱ የደመወዝ ወለል ማለት ሽንኩርቱ በኪሎ ስንት እንደሚሸጥ ሳያውቅ የሚገባበት ወጪ ነው። በመንዝ ጌራ ምድር ደግሞ አብዛኛው ሰው ቀጣሪም ተቀጣሪም አይደለም፤ ገብሱን በደቦ ያጭዳል። እነዚህ ሦስቱም «ዝቅተኛ ደመወዝ ይወሰን» ላይ ይፈርማሉ። ፊርማቸው ግን አንድ ነገር አይልም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት አጠገብ ያለ አሠሪ ማህበር በሌላ በኩል አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው፦ «ወጪ ይጨምራል፣ ገዢ ይሸሻል»። የተበተነ ብዙ ሰው በተሰባሰበ ጥቂት ሰው የሚሸነፈው እንዲህ ነው።

የቤት ሠራተኞችን ነገርም ማንሳት አለብኝ፤ በብዛት ይረሳል። አዋጁ የግል አገልግሎት ቅጥርን ለሌላ ደንብ ትቶታል። ነገ ወለል ቢወጣ እንኳ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ወለሉ አይነካቸውም። በዚህ ላይ ሰልፍ ወጥቶ የሚያውቅ ሕዝብ አላየንም፤ አብዛኛው የከተማ ፈራሚ ቤቱ ውስጥ ከፋዩ እሱ ስለሆነ ይመስለኛል።

«ሕዝቡ ይህን ይፈልጋል» ሲባል በምን ይለካል? በአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት የሚለካው አፍሮባሮሜትር በኢትዮጵያ የሚያደርገው ጥናት 2,400 ያህል አዋቂዎችን ይጠይቃል፤ ለአገር ደረጃ ስህተቱ ሁለት በመቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ነው፣ ጥሩ ነው። አሁን ሂሳቡን ለዞኑ ይሥሩት። በ1999 ቆጠራ የአማራ ሰሜን ሸዋ ሕዝብ 1.8 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ አገሪቱ ወደ 74 ሚሊዮን። ድርሻው 2.5 በመቶ ነው፤ ከ2,400 ውስጥ 60 ሰው መሆኑ ነው። ስልሳ ሰው ጠይቀው 50 በመቶ ደገፈ ብለው ቢጽፉ እውነቱ 38 ይሁን 62 አይለይም፤ ጠያቂዎቹ በጥቂት ቀበሌዎች ተሰባስበው ስለሚጠይቁ ደግሞ ከዚያም ይሰፋል። ከ1999 ወዲህ ቆጠራ አልተደረገም፤ ደብረ ብርሃን ከምዕራብና ከሌላ አካባቢ የተፈናቀለውን ሰው ተቀብላ ዛሬ ያላትን መጠን ያ ቆጠራ አያውቀውም። ስለዚህ «የሰሜን ሸዋ ሕዝብ ይህን ያህል በመቶው» የሚል ጽሑፍ ሲያዩ ማን፣ የት፣ ስንት ሰው ጠይቆ እንደሆነ ሳይነገርዎት አይመኑ። የፌስቡክ ድምፅ መስጫ ደግሞ ጭራሽ መለኪያ አይደለም፤ የመለሰው ሊመልስ የፈለገ ብቻ ነው።

የቃሉ ምርጫ ከናሙናው በላይ ያስታል። በአሜሪካ ለአሥርት ዓመታት በሚደረግ አንድ ትልቅ ጥናት ተጠያቂዎቹን ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን «መንግሥት ለዌልፌር (ለማህበራዊ ድጎማ) የሚያወጣው ያንሳል ወይ?» ለሌላው «ለድሆች እርዳታ የሚያወጣው ያንሳል ወይ?» ይሉታል። በመጀመሪያው ከአራት አንዱ ገደማ ብቻ «ያንሳል» ይላል፤ በሁለተኛው ከመቶ ስልሳ በላይ። ገንዘቡ ያው ነው። በእኛም ቋንቋ «ተረጂ»፣ «ድጎማ»፣ «ሴፍትኔት» እና «የአረጋውያን ጡረታ» አንድ ዓይነት ስሜት አይቀሰቅሱም። «ተረጂ» ሲባል ሰው ወዲያው ስለ ስንፍና ማውራት ይጀምራል። «ሴፍትኔት» ሲባል አካፋና እርከን ይታየዋል። ጡረታ ሲባል ደግሞ የሠራበትን ያስባል፣ ማንም አያጉረመርምም።

እናትዎን ያስወጣው ይኸው ስሜት ነው፤ ስሜቱ ግን ከፕሮግራሙ ውጭ የመጣ እንዳይመስልዎ። ምርታማ ሴፍትኔት በ1997 ሲጀመር ሁለት እግር ተሰጠው። አቅም ያለው በማህበረሰብ ሥራ ላይ ይሰማራል፤ እርከን፣ ኩሬ፣ መንገድ፣ የተራቆተ ተራራ ከልሎ ማልማት ይሠራል። አቅም የሌለው አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛና ሥር የሰደደ ሕመምተኛ በቀጥታ ድጋፍ ይያዛል። የተለመደው ስሌት ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት የሥራ ቀን፣ በዓመት ስድስት ወር ነበር፤ ክፍያው በእህል ሲሆን በቀን ሦስት ኪሎ፣ ማለት በወር ለአንድ ሰው 15 ኪሎ። አምስቱ ቀን ባይኖር ፕሮግራሙ ይኖር ነበር ወይ? ባለሙያ ሁሉ በአንድ አፍ አይመልስም። የእኔ አቋም ባልኖረ ነበር የሚል ነው። «ሠርቶ ይብላ» የሚለው የአገሬው ፍርድ በፕሮግራሙ አጥንት ውስጥ ገብቷል። በየዓመቱ ሽህ እርከን መሠራቱ ጥቅሙ ለመሬቱ ብቻ አይደለም፤ ያልተመረጠው ጎረቤት «እሱ እኮ በነጻ አይበላም» እንዲል ያደርገዋል።

አውሮፓ ውስጥ ይህን ያጠኑ ምሁራን ሰው «ለእገሌ ይገባዋል፣ ለእገሌ አይገባውም» የሚለው በአምስት ጥያቄ ነው ይላሉ፦ ችግሩን ራሱ አመጣው? ችግሩ ምን ያህል ከባድ ነው? የኛ ሰው ነው? ያመሰግናል? ሠርቶ አዋጥቷል ወይ ያዋጣል? መንዝ ያለ የቀበሌ ስብሰባ ላይ የሚነሳው ክርክር ከዚህ አይወጣም። «ልጇ ፋብሪካ ይሠራል» የሚለው ሁለተኛውን ጥያቄ የሚነካ ነው፦ ችግሯ ቀልሏል ነው የሚሉት። የደብረ ብርሃን ተፈናቃይ ደግሞ ችግሩ ከማንም ይከብዳል፣ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ይወድቃል፤ «የኛ ቀበሌ ሰው አይደለም»።

የሴፍትኔቱ አስተያየት የፈጠነው በር ስላለው ነው። ምልመላው በመመሪያው መሠረት በማህበረሰቡ የሚደረግ ነው። የቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ዝርዝር ያዘጋጃል፤ ዝርዝሩ በጉባኤ ይነበባል፣ ይተቻል፣ ይለጠፋል፤ ቅሬታ ያለው ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያቀርባል። በዚያ ቀን፣ በዚያ ሜዳ ላይ፣ ያ ሰው አፉን ከፍቶ ሲናገር የሚጽፍ ጸሐፊ አለ። «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» የሚባለው ይህ ነው። ለፋብሪካ ደመወዝ ግን ዳኛው ገና አልተሰየመም። ስድስት መቶ ሰው ይናገራል፣ የሚጽፍ የለም።

በሩ መኖሩ ሁልጊዜ መልካም ነው ማለት አይደለም። ኮታው ከድሃው ቁጥር ሲያንስ ቀበሌው ብዙ ጊዜ የሚመርጠው መፍትሔ ማካፈል ነው፦ ስድስት ነፍስ ካለው ቤት ሦስቱን ብቻ ይመዘግብና የቀረውን ለጎረቤት ይሰጣል። መመሪያው ሙሉ ቤተሰብ ይያዝ ይላል፤ ሕዝቡ ግን ለሁሉም ይድረሰው ይላል፣ ሕዝቡ ያሸንፋል። ውጤቱ ማንም ከድህነት የማይወጣበት ግማሽ ድጋፍ ነው። «ምረቃ»ም እንዲሁ ነው። ከሴፍትኔት ተመረቀ የሚባለው ሰው በእርግጥ ሀብት አፍርቶ ሳይሆን ተራው ለሌላ እንዲደርስ ተብሎ የሚመረቅበት ጊዜ አለ፤ ጎረቤት ሲያጉረመርም ቆይቶ ኮሚቴው «በቃ አንቺ ተመረቂ» ይላል።

አስተያየት ነገር ከማስጀመር ይልቅ ነገር በማስቆም በጣም ይበረታል። ምስክሩ የማህበራዊ ጤና መድን ነው። አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ነው። የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጣ ታስቦ ነበር። ይጀመራል በተባለ ቁጥር መምህሩና ጤና ባለሙያው «ደመወዛችን አይቆረጥ፣ ሆስፒታሉ መድኃኒት የለው» ብሎ ተቃወመ፤ ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ። ገጠር ያለው የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ግን በ2003 በ13 ወረዳዎች ሙከራ ተጀምሮ ተስፋፋ። የገጠሩ መዋጮ ቤተሰቡ ምርት ሰብስቦ በዓመት አንዴ የሚከፍለው ነው፣ ካርዱም ወዲያው ጤና ጣቢያ ላይ ይታያል። የከተማው ደግሞ በየወሩ ከፔይሮል ላይ ይቀነሳል፤ የሚቀነሰው ይታያል፣ ጥቅሙ አይታይም። የጡረታው 7 በመቶ ለምን ተቀባይነት አገኘ ብለው ይጠይቁ ይሆናል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በ2003 ሲታወጅ አሠሪው ከሠራተኛው በላይ፣ በደረጃ እያደገ 11 በመቶ የደረሰውን፣ እንዲያዋጣ ተደርጎ ነው የመጣው፤ ሰው ከሚቀነስበት በላይ የሚጨመርለትን አየ።

አስተያየት በር አግኝቶ ነገር ሲያንቀሳቅስም አይተናል። የገቢ ግብር ነጻ መነሻው ከ2008 ጀምሮ 600 ብር ላይ ቆሞ ነበር። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማህበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ግብሩ ይቀነስ ብሎ በየዓመቱ ሲወተውት ቆየ። የግብር አዋጁ ማሻሻያ ለምክር ቤት ሲቀርብ ግን ቁጥር ያለበት ረቂቅ፣ የሚሰማ ቋሚ ኮሚቴ እና የሚጸድቅበት ቀን ተገኘ። በአዋጅ 1395/2017 መነሻው 2,000 ብር ሆነ። ማህበራቱ ከጠየቁት ያነሰ ነው፣ ግን ይቁጠሩት፦ 4,000 ብር ግብር የሚከፈልበት ደመወዝ ያለው ሰው በፊት 497 ብር ከ50 ሳንቲም ይከፍል ነበር፤ አሁን 300 ብር ይከፍላል። አሠሪው አንድ ብር ሳይጨምር በወር 197 ብር ከ50 ወደ ኪስ ገባ። ለዚህ ሰው ከማይመጣ ደንብ ይልቅ የመጣ የግብር ሠንጠረዥ በልጧል።

የውጭውም አስተያየት አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ማዕከል የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሰፊ ሠራተኞች መነሻ በወር 26 ዶላር መሆኑን ሲያወጣ ዜናው በዓለም ዞረ፤ የሚገዙት ስመ ጥር ብራንዶችም ማብራሪያ ተጠየቁ። አሳፋሪ ቁጥር ሲታወቅ ገዢው ይደነግጣል። በዚህ መንገድ ላይ ብዙ ተስፋ አይጣሉ፤ የደነገጠ ገዢ ደመወዝ ከማስጨመር ይልቅ ትዕዛዙን ወደ ሌላ አገር ማዞር ይቀለዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ ስትወጣ ፋብሪካዎች ሠራተኛ ሲቀንሱ የታየው የትዕዛዝ መጥፋት ምን እንደሚያደርግ ነው።

አሁን ወደ ስድስት መቶው ፊርማ። እነዚያን ስሞች ከአቤቱታ ወረቀት ወደ ማህበር አባልነት ቅጽ ያዙሯቸው። አዋጅ 1156 አሥር ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት መሠረታዊ ማህበር ይቋቋማል ይላል፤ አባላቱ ከአሥር እንዳያንሱ ነው የሚፈልገው። ፋብሪካው ውስጥ ማህበር አለ ወይ ብለው አስቀድመው ያረጋግጡ። ካለና ከተኛ አዲስ ከማቋቋም ጠቅላላ ጉባኤ አስጠርቶ አመራሩን መለወጥ ይቀላል። ከሌለ መተዳደሪያ ደንብ፣ የተመረጡትን መሪዎች ስም፣ አድራሻና ፊርማ፣ የማህበሩን ስምና ዓርማ ይዛችሁ ለመዝጋቢው ቢሮ ታስገባላችሁ። ቢሮው በ15 ቀን ውስጥ ውሳኔውን ካላሳወቀ ማህበሩ እንደተመዘገበ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ያስገባችሁበትን ቀን በማህተም አስመቱ፣ ቀኑ ከሌለ 15ቱ ቀን የሚቆጠርበት መነሻ የለም። የማህበር አባል መሆንም ሆነ በማህበር ሥራ መሳተፍ ከሥራ ለማሰናበት ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ ላይ ተጽፏል። ቢሆንም ምዝገባው እስኪያልቅ የመሪዎቹን ስም በየፈረቃው አታውሩት፤ ሕጉ ከተባረሩ በኋላ ይመልሳል እንጂ መባረርን አያስቀርም።

ከዚያ ረቂቅ ኅብረት ስምምነት ጽፋችሁ ድርድር በጽሑፍ ትጠይቃላችሁ። አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። ካልተስማማችሁ ቢሮው አስማሚ ይመድባል። ክልሉ ሊያደርግላችሁ የሚችለው ይህን ነው፣ በዚህ ጊዜ ሥልጣን አለው።

ረቂቁ ላይ «ዝቅተኛ ደመወዝ 4,000 ብር» ብቻ ብላችሁ ብትጽፉ ትሸነፋላችሁ። አሠሪው «እኔ 4,300 እየከፈልኩ ነው» ይላል፣ እውነቱን ነው። የእርስዎ 4,300 ውስጥ 1,800ው ጥቅማ ጥቅም ነው፤ አንድ ቀን ከቀሩ የአቴንዳንሱ ይነሳል፣ ካንቲኑ ሲዘጋ የምግቡ ይቀራል። ይጻፍ የሚባለው «መነሻ ደመወዝ» የሚለው ቃል ነው። ልዩነቱን በትርፍ ሰዓት ይዩት። በወር 208 ሰዓት ብንይዝ የ2,500 ብር ሰዓት 12 ብር ነው፤ የቀን ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ሲባዛ 18 ብር። የ4,000 ብሩ ሰዓት 19 ብር ከ23 ሲሆን ትርፍ ሰዓቱ 28 ብር ከ85 ይወጣል። ሕጉ የሚፈቅደውን በሳምንት 12 ሰዓት፣ በወር 48 ሰዓት የሠራ ሰው 865 ብር ያገኝ የነበረው 1,385 ብር ያገኛል። ጡረታውም ይከተላል፦ የእርስዎና የአሠሪው መዋጮ ተደምሮ 18 በመቶው ከ450 ብር ወደ 720 ብር ይደርሳል፤ የሥራ ስንብት ክፍያም እንደዚሁ። ጉዳቱን አልደብቅም። ከእርስዎ የሚቆረጠው የጡረታ መዋጮ ከ175 ወደ 280 ያድጋል፣ ግብር የማይነካው የትራንስፖርት አበልም ወደ ደመወዝ ሲገባ ግብር ይነካዋል። ትርፍ ሰዓት ለማይሠራ ሰው የመጀመሪያው ወር እጁ ላይ የሚደርሰው ሊቀንስ ይችላል። ይህን ለአባላት ከድርድሩ በፊት በወረቀት አስሉላቸው፤ በኋላ በፔይሮል ቀን ቢያውቁት «ማህበሩ ሸጠን» ይላሉ፣ ያኔ አስተያየቱ ወደ እናንተ ይዞራል።

ሌላው ወጥመድ ዘመኑ ነው። በስምምነቱ ላይ ሌላ ካልተጻፈ ኅብረት ስምምነት ለሦስት ዓመት አይነካም። የጤፍ ዋጋ ሦስት ዓመት አይጠብቅም። «የደመወዝ አንቀጹ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ለድርድር ይከፈታል» የሚል አንድ መስመር ይግባ። ብዙ ማህበር ይህን ረስቶ መጀመሪያ ያገኘውን ጭማሪ በዋጋ ንረት ተበልቷል። ከተፈራረማችሁ በኋላ ቅጂውን ለዘርፉ ፌዴሬሽን ላኩ፤ የደመወዝ ቦርዱ የተቋቋመ ቀን ኢሠማኮ ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጠው ከሰልፍ መፈክር ይልቅ በእውነት እየተከፈለ ያለ ወለል ነው፣ «እነሱ ሳይዘጉ ይከፍላሉ» የሚባልበት።

የእናትዎ ጉዳይ ጊዜ አይሰጥም፣ እሱን አስቀድሙ። የምልመላው መመዘኛ የልጅ መቀጠር አይደለም። ባለፉት ሦስት ዓመታት ቤቱ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የምግብ ክፍተት ነበረበት ወይ፣ ከሌላ ቦታ በቂ ድጋፍ ያገኛል ወይ፣ መሬቱ፣ በሬው፣ የሚሠራ ጉልበቱ ምን ያህል ነው ተብሎ ነው የሚታየው። «ልጅ አላት» ከሁለተኛው መመዘኛ ጋር ብቻ ይገናኛል፤ ስለዚህ የሚያሳዩት ማስረጃ እርስዎ በእርግጥ የሚልኩት መጠን ነው። በየወሩ የሚልኩትን በቴሌብር ወይም በባንክ ያስተላለፉበትን ደረሰኝ ያውጡ፤ 500 ብር የላከ ልጅ ለምግብ ክፍተት መልስ አይሆንም፣ 3,000 የላከ ግን ኮሚቴው ትክክል ሊሆን ይችላል፣ እውነቱን ለራስዎ አስቀድመው ይወቁ። ማመልከቻው የሚቀርበው ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ነው፣ ዝርዝሩን ላዘጋጀው ግብረ ኃይል አይደለም፤ ሁለቱ አንድ ሰው የሚጋሩ ከሆነ ይህንንም በማመልከቻው ይጻፉ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ስለ መሬቷና ስለ ከብቷ የሚያውቀውን በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠይቁ። ዕድሜዋ የገፋ ከሆነ ደግሞ ክርክሩን ይቀይሩት፦ ወደ ማህበረሰብ ሥራው ልመለስ ሳይሆን በቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ልያዝ ይበሉ፤ ለአረጋዊት ሴት ጉባኤው ውስጥ የሚቃወም አፍ ይቀንሳል።

ኮሚቴው ካልመለሰ ወረዳው የምግብ ዋስትና ጽሕፈት ቤት ነው። በአንዳንድ የዞኑ ቀበሌዎች ጸጥታው ጉባኤ እንኳ ስለማያስጠራ መልሱ ሊዘገይ ይችላል። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አድርገው አንዱ ላይ የተቀበለው ሰው ስሙን፣ ፊርማውንና ቀኑን እንዲጽፍ ያድርጉ፤ የዘንድሮው ዝርዝር ቢዘጋ እንኳ በሚቀጥለው ዓመት ማጣሪያ ላይ የሚነበበው ያ ቅጂ ነው።